ምዕራፍ አራት፦ ቀይ ቦርሳ ያላት ልጅ

የእህቴ ልጅ አንደኛ ክፍል በገባች ዓመት፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት ቡና እየጠጣን "ከማን ጋር ነው የምትቀመጪው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ከአንዲት ልጅ ጋር።"

"ስሟ ማን ይባላል?"

ትከሻዋን ሰበቀች። "እኔ እንጃ። ቀይ ቦርሳ ያላት ናት።"

መስከረም አልቋል፣ ጥቅምት አልቋል፣ ኅዳር ተጋምሷል። ሁለቱ ልጆች ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ዴስክ ላይ ክርን ለክርን እየተገፋፉ ተቀምጠዋል፤ ላጲስ ተዋውሰዋል፤ ጉንፋን ተጋብተዋል። ስም ግን የለም። እናቷ "ይቺ ፈዛዛ!" ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን መሳቃችን ልክ አልነበረም። የጎረቤቷን ስም የምትሰማበትን አጋጣሚ ማን ፈጥሮላት ነው?

የአንደኛ ክፍልን ውሎ ልብ ብሎ ያየ ሰው በልጅቷ መልስ አይደነቅም። ልጆቹ ፊታቸው ሁሉ ወደ ሰሌዳው ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት የጓደኛቸውን ማጅራት ነው። የሚናገሩት በኅብረት ነው፤ ለብቻው ከጎረቤቱ ጋር ያወራ "ዝም በል!" ይባላል። ስም የሚጠራው ጠዋት፣ መምህሯ ማን መጣ ማን ቀረ ለማለት መዝገቧን ስትከፍት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ጆሮውን የሚያቆመው ለራሱ ስም ነው። እስኪደርሰው ልቡ ትር ትር ይላል፣ "አቤት!" ይላል፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠራው የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ስም ጥሪ መምህሯ ልጆቹን እንድታውቅ ይረዳታል፤ ለልጆቹ እርስ በርስ መተዋወቅ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው።

ቁጥሩም ቀላል አይደለም። በአገራችን ለአንደኛ ደረጃ የተቀመጠው መመዘኛ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ነው፤ ከዚያ የሚያልፍ ክፍልም ሞልቷል። 50 ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይተዋወቁ ብንል 1,225 ጥንድ ይወጣል። "ልጆች ናቸው፣ ራሳቸው ይግባባሉ" የሚለው የተለመደ አነጋገር ይህን ሁሉ ትውውቅ ለዕድል የሚተው ነው። አንዳንዱ ልጅ በተፈጥሮው ተግባቢ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አሥር ጓደኛ ያበጃል። ይህ ምዕራፍ ስለ እሱ አይደለም።

መምህራን ነገሩን ስለሚያውቁት በመጀመሪያው ቀን አንድ ዘዴ ይሞክራሉ፤ ሁሉም ተራ በተራ ሰሌዳው ፊት ወጥቶ ራሱን ያስተዋውቃል። ደህና ነው፣ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ ቢወስድ (የሚያፍር ልጅ ለመነሳት ብቻ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል) ደወል ሲደወል ገና አሥር ልጅ ይቀራል። የወጡትም ቢሆኑ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ የዩኒፎርማቸውን ቁልፍ እያፍተለተሉ፣ ሁለተኛው ረድፍ እንኳ በማይሰማው ድምፅ ነው የሚናገሩት።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ማልኮም ብሬነር የተባለ ተመራማሪ ሰዎችን ሰብስቦ ተራ በተራ ቃላት ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደረገና የትኛውን እንደሚያስታውሱ መረመረ። አብልጠው የረሱት ከራሳቸው ተራ ጥቂት ቀደም ብሎ የተነበበውን ነበር። ተራው የቀረበ ሰው ሐሳቡ ሁሉ "እኔ ምን እላለሁ?" ላይ ስለሚሆን የአጠገቡን አይሰማም። አዋቂ እንዲህ ከሆነ የሰባት ዓመት ልጅማ ምን ይውጠዋል! አስቡት፤ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ሲወጡ ከአንድ ልጅ በፊት የሚወጣው እኮ ከጎኑ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ ከሃምሳው ስም የሚያመልጠው በትክክል የዴስክ ጓደኛው ስም ይሆናል። ቀይ ቦርሳ ያላት ልጅም በመጀመሪያው ቀን ስሟን ተናግራ ይሆናል፤ የኛዋ ልጅ ግን በዚያች ደቂቃ የራሷን ስም እየተለማመደች ነበር።

የሚጠየቀው ጥያቄም መታየት አለበት። "ስምህ ማን ነው? የአባትህስ? ሰፈርህ የት ነው? አባትህ ምን ይሠራል?" ይህ የትልቅ ሰው ወግ ነው፤ እኛ ስንተዋወቅ ዘመድ ፍለጋ ነው የምንጀምረው። ክፍል ውስጥ ግን አባቱን የማያውቅ ልጅ አለ። በአያቱ ስም የተመዘገበ አለ። ከገጠር መጥታ በዘመድ ቤት እንጀራ እየጋገረች፣ ሕፃን እያዘለች የምትማር አለች። በሃምሳ ልጅ ፊት "አባትሽ ምን ይሠራል?" ስትባል ዝም ያለች እንደሆነ ያ ዝምታ እስከ ሰኔ ስሟ ሆኖ ይቀራል። እኔ በዚህ ጥያቄ ፋንታ "ምን ያስፈራሃል?" የሚለውን እመርጣለሁ። ጅብ የማይፈራ፣ ጨለማ የማይፈራ፣ መርፌ የማይፈራ ልጅ የለም፤ ሀብታም ደሃም ብሎ ነገር የለውም። አጠያየቁም ይገለበጥ፤ ሁለት የዴስክ ጓደኛሞች በሹክሹክታ ይጠያየቁና አንዱ ስለ ሌላው ይናገር። "ይሄ ቢንያም ነው። መርፌ ይፈራል።" ስለ ጓደኛው እንዲናገር የታዘዘ ልጅ የግድ ያዳምጣል። በቀን አምስት ጥንድ ብቻ ቢወጣ በአንድ የትምህርት ሳምንት ሃምሳው ያልቃል፤ ክፍለ ጊዜም አይበላም።

ወደ ዴስኩ እንመለስ። ልጅን ከልጅ የሚያስተዋውቀው ትልቁ ኃይል የመቀመጫ ቦታ መሆኑን መምህር ሁሉ በልቡ ያውቀዋል፤ ጥናቱም ይህንኑ ይደግፋል። ማዲ ሲጋል የተባለች አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው ጥናት በሜሪላንድ ግዛት የፖሊስ ማሠልጠኛ የነበሩ ሠልጣኞችን የቅርብ ጓደኞቻቸውን እንዲጠሩ ጠየቀቻቸው። ማሠልጠኛው መኝታና መቀመጫ የሚደለድለው በስም ፊደል ተራ ነበር። ሠልጣኞቹ የጠሯቸው ጓደኞች በብዛት ስማቸው በፊደል ተራ ከእነሱ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። ይህን ለማመን ሜሪላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ዶርም ሲደለድሉ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው። የአቤል የልብ ጓደኛ አቤኔዘር፣ የሰላም የልብ ጓደኛ ሰላማዊት የሆነችው ለምን እንደሆነ ግቢ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ሠርግ ላይ ሚዜዎቹን ቁጠሩ፤ ግማሾቹ ከአንድ ፊደል ናቸው። በጀርመን ሌፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አዲስ ገቢ ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን በዕጣ እንዲቀመጡ ተደረገ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲጠየቁ፣ ያን ቀን ጎን ለጎን የተቀመጡት ከሌሎቹ የበለጠ ተወዳጅተው ተገኙ። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው።

እንግዲህ ዕጣ ይህን ያህል ከሠራ፣ ታስቦበት የተደረገ አቀማመጥ ምን ያህል ይሠራል! እኛ ዘንድ መቀመጫ የሚሰጠው በሦስት ምክንያት ነው፦ ረጅም ከኋላ፣ ረባሽ ከፊት፣ የቀረው ቀድሞ በያዘው ቦታ። ቀድሞ የሚይዘው ደግሞ ከሠፈሩ፣ ከኬጂው ጓደኛው ጋር ነው የሚይዘው። አራተኛ ምክንያትም አለ፤ እሱን ስናገር ከልቤ ይከፋኛል። "ከረበሽክ ከሴት ጋር ነው የማስቀምጥህ!" ይባላል። ልጁ ከሴት ጋር መቀመጥ ቅጣት መሆኑን በዚያች ቅጽበት ይማራል፤ ቅጣት ሆና አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ምን እንደምትማር ግን የሚጠይቅ የለም።

በኔ ግምት ቦታ በየሦስት ሳምንቱ መቀያየር አለበት። በየሳምንቱ ከሆነ ልጆቹ ገና ሳይላመዱ ይለያያሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ከሆነ ደግሞ አንድ ጓደኛ ብቻ ይዘው ይቀራሉ። የመስከረሙን ግርግር ትተን ከጥቅምት እስከ ሰኔ ብንቆጥር አንድ ልጅ አሥራ አንድ አሥራ ሁለት የዴስክ ጓደኛ ያገኛል ማለት ነው። የማየት ወይም የመስማት ችግር ያለበት ልጅ ከፊት እንደሚቆይ መናገር አያሻም። ወላጅ ያጉረመርማል፤ "ልጄን ከሰነፍ ጋር አስቀመጡብኝ" ብሎ የሚመጣ አይጠፋም። ይምጣ። መምህሯ ዝውውሩ ለሁሉም መሆኑን ነግራ ትሸኘው።

አሁን ስለ ስም ላውራ፤ እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ነገር ባለጸጎች ነን፤ ሀብታችንን ክፍል ውስጥ ግን አንጠቀምበትም። በሌላው አገር ለብዙ ልጅ ስም ማለት ድምፅ ብቻ ነው፤ የእኛ ስም ዓረፍተ ነገር ነው። ወንድማገኘሁ ሲባል በስሙ ውስጥ የምትናገረው እህቱ ናት። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ከልጁ በፊት የሆነ ነገር እንዳለ ይናገራሉ። ረመዳን የሚባለው በየትኛው ወር እንደተወለደ መገመት ይቻላል። እንግዲህ ለልጆቹ አንድ የቤት ሥራ ይሰጣቸው፦ "ስሜን ማን አወጣው? ለምን?" ብለው ቤታቸው ጠይቀው ይምጡ። ይህ የቤት ሥራ ደብተርም እርሳስም አይፈልግም፤ መጻፍ ያልጀመረ ልጅ ይሠራዋል፤ ፊደል ያልቆጠረች አያትም ታሠራዋለች።

ነገሩ የሚጣፍጠው ታሪኮቹ ሲገናኙ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ደስታ የምትባል ልጅ፣ ሐጎስ የሚባል ልጅና ገመቹ የሚባል ልጅ አሉ እንበል። ደስታ ተነስታ "እናቴ ስለተደሰተች ነው" ትላለች። ቀጥሎ ሐጎስ "በትግርኛ ደስታ ማለት ነው" ይላል። ክፍሉ ትንሽ ይንጫጫል። ገመቹ እጁን እስከ ጣሪያ ዘርግቶ፣ ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ፣ "ቲቸር! ቲቸር! የኔም እኮ! የኔም በኦሮምኛ እንደዚያ ነው!" ይላል። ሦስቱ ልጆች በአንድ ስም እንደሚጠሩ ገባቸው ማለት ነው። ፈርሃን የሚባል የሱማሌ ልጅ ቢኖር አራት ይሆኑ ነበር፤ እሱም ያው ነው። ከዚያ በኋላ እረፍት ላይ እነዚህ ልጆች ምን እንደሚሆኑ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ስለ አብሮነት የተጻፈ ረጅም ምንባብ ለሰባት ዓመት ልጅ ይህን ያህል አይነግረውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምትኩ የተባለው ልጅ ከእሱ በፊት የሞተ ወንድም እንደነበረው በዚያው የቤት ሥራ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ መምህሯ ለወላጅ ቀደም ብላ "ልጁ ክፍል ውስጥ ሊናገረው የሚችለውን ያህል ንገሩት" የሚል ቃል ትላክ። መናገር ያልፈለገ ልጅ ደግሞ "ስሜን እወደዋለሁ" ብሎ ይቀመጥ፤ በቂ ነው።

ስም ካነሳን አይቀር፣ በትምህርት ቤቶቻችን ስም በጠመኔ የሚጻፍበት አንድ የታወቀ ቦታ አለ። መምህር ሲወጣ የክፍል አለቃው "ረባሽ" ብሎ ሰሌዳው ላይ ይጽፍና ከሥሩ ስም ይደረድራል። ከስሙ ጎን የመደመር ምልክት እየተጨመረ፣ አንዳንዱ አራት አምስት ጊዜ። በዚህ ምክንያት ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁሉም ልጅ አጣርቶ የሚያውቀው የረባሾቹን ስም ነው። ዝምተኛው ስሙ ተጽፎ አያይም። ያው ሰሌዳ በቀን ለአንድ ልጅ ጥጉን ቢለቅለት፣ ስሙ በትልቁ ተጽፎ ቢውልና ሁሉም እንዲያነቡት ቢደረግ፣ ፊደልም ጓደኛም በአንድ ጊዜ ይጠናል። የመደመር ምልክቱ ግን ይቅር።

በቡድን ስለመሥራት ብዙ አልልም፤ "አንድ ለአምስት" ሲባል ሁላችንም የምናስታውሰው አለን። የዚያ አደረጃጀት ችግሩ ከላይ አንድ ጎበዝ፣ ከታች ጎበዙን የሚጠብቁ ልጆች መኖራቸው ነበር። ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ፤ ማንም ማንንም አያውቅም። ሥራው የሚያስተዋውቀው እያንዳንዱ ልጅ ሌላው የሌለውን ነገር ሲይዝ ብቻ ነው። ኤሊየት አሮንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ ግዛት ኦስቲን ከተማ ይህን አሠራር አስጀመረ። ትምህርት ቤቶቹ ነጮችን፣ ጥቁሮችንና የሜክሲኮ ተወላጆችን ገና ማቀላቀላቸው ነበር፤ ክፍሎቹ በጠብ ይታመሱ ነበር። አሮንሰን ትምህርቱን ለአምስት ስድስት ልጆች ቆራርሶ አከፋፈለ፤ የጓደኛውን ቁራሽ ያላዳመጠ ትምህርቱን ሙሉ አያገኝም። ልጆቹ መደማመጥ ግድ ሆነባቸው። ለአንደኛ ክፍል ይህ በጣም ቀላል ነው፤ የላም ሥዕል አምስት ላይ ቀዶ ለአምስት ልጅ መስጠት ነው። ቀንዱ የአንዱ ልጅ እጅ፣ ጭራው የሌላዋ እጅ ነው። ጎበዝ የሚባለው ልጅ ቀንዱን ብቻ ይዞ ላም ሊሠራ አይችልም።

ክፍል ውስጥ የሚደረገው ሁሉ የሚፈተነው ግን ሜዳው ላይ፣ በእረፍት ሰዓት ነው። እረፍት ሲደወል አጥሩን ይዞ የሚቆም ልጅ በየትምህርት ቤቱ አለ። ከሌላ ክልል ቤተሰቡ ተዛውሮ በጥር የገባ፣ አማርኛው ገና ያልተፈታ፣ ወይም እንዲሁ ዓይን አፋር የሆነ። ለእንዲህ ያለው ልጅ ጨዋታ ከወሬ ይቀላል። ሱዚ ለመዝለል፣ ብይ ለመምታት፣ ሰኞ ማክሰኞ ላይ በአንድ እግር ለመቆም ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም። መሀረቤን ያያችሁ ደግሞ ሁሉንም ክብ አስቀምጦ ከጀርባው መሀረብ የተጣለበትን ልጅ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አስነስቶ ያስሮጠዋል። ተመራጭና ተጣይ የለበትም፤ እንደ ኳስ ሁለት አለቃ ተነስቶ እየመረጠ መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ የሚተርፍበት አይደለም። መምህር በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ላይ ወጥታ ይህን ጨዋታ ብታስጀምርና ወደ ሻይዋ ብትመለስ ልጆቹ ራሳቸው ይቀጥሉታል።

በቺካጎ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት የነበረችው ቪቪያን ፔሊ ከዚህም አልፋ ሄዳ "አትጫወትም ማለት አይቻልም" የሚል ደንብ ክፍሏ ውስጥ አወጣች፤ በዚሁ ርዕስ የጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጥቷል። ደንቡን ከማውጣቷ በፊት ከፍ ያሉ ክፍሎች ተማሪዎችን አማክራ ነበር፤ ደንቡ ፍትሐዊ መሆኑን አምነው በሥራ ላይ መዋሉን ግን ተጠራጠሩ። እኔም በመጀመሪያ እንደነሱ ጠርጥሬ ነበር። አሁን ግን የሰባት ዓመት ልጅ ደንብ ይወዳል ባይ ነኝ፤ በተለይ ሌላው ሲጥስ መንገር የሚቻልበትን ደንብ።

ምሳም አለ። አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶቿ የተማሪዎችን ምገባ በ2012 ዓ.ም. ስትጀምር የታሰበው ርሃብ ነበር፤ ጎን ለጎን ግን ሌላ ነገር አመጣ። ሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ ሲበላ "የኔ ምሳ ዕቃ ውስጥ ምን አለ? ያንተስ?" የሚለው ቀረ። ምሳ ዕቃ በሚቋጠርባቸው ትምህርት ቤቶች ክዳኑን በእጁ ከልሎ የሚበላውን ልጅ ያየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ይገባዋል።

የእህቴን ልጅ ነገር ሳልጨርስ ቀረሁ። በማግስቱ ጠይቃ መጣች፤ ልጅቷ ሐያት ትባላለች። ሐያትም የኛዋን ልጅ ስም አታውቅም ነበር፤ ቤቷ ስትናገር "ጥርሷ የወለቀው" ነበር የምትላት። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነው፤ የወለቀው ጥርስ ቦታ ታየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ትምህርት ቤት የምታወራው ሁሉ "እኔና ሐያት" ብሎ ይጀምራል። ሁለት ወር ተኩል ያልሠራውን ሥራ አንድ ጥያቄ ሠራው። እኛ ወላጆች ልጅ በር ላይ ስንቀበል "ስንት አገኘህ?" ነው የምንለው፤ "ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ? ስሙ ማን ነው?" ለማለት ከዚያ የሚበልጥ ትንፋሽ አይጠይቅም።

መምህር ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ መዝገባችሁን ሳትከፍቱ ባዶ ወረቀት ላይ የክፍላችሁን ልጆች ስም ከቃላችሁ ጻፉ። መጀመሪያ የሚመጡላችሁ ጎበዞቹና ረባሾቹ ናቸው። ወደ ሠላሳዎቹ ስትደርሱ ብዕራችሁ ይዘገያል። አርባ አምስት ላይ ትቆማላችሁ፤ ፊታቸው ይታያችኋል፣ የሚቀመጡበት ጥግ ይታያችኋል፣ ስማቸው ግን አይመጣም። እናንተ የረሳችኋቸውን ልጆች ክፍሉም አያውቃቸውም። ነገ ጠዋት ስም ጥሪውን ከእነሱ ጀምሩት።